ማርታ የፈታቻቸው ገመዶች

ካርቶኑን የከፈትኩት ካቻቪቴ ፈልጌ ነው። የድስቱ ክዳን እጀታ ላልቶ አስቸግሮኝ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ሲዘጋ ይዤው የመጣሁት ካርቶን አልጋ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ጎትቼ አወጣሁትና ክዳኑን ገለጥኩት። ውስጡ ያሉት የመለኪያ ገመዶች፣ ቀዩም ጥቁሩም፣ እንደ ሱቅ ዕቃ ተጠቅልለው፣ በላስቲክ ታስረው፣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አንድም ቋጠሮ የለም።

«ማርታ! ይሄን ማን ነካው?»

ልጄ ማርታ ፀጉሯን እያበጠረች ብቅ አለች። «እኔ ነኝ እማዬ። እሑድ አስተካከልኩልሽ። የአይጥ ጎጆ መስሎ ነበር እኮ! ቋጠሮውን ስፈታ ጥፍሬ ሊነቀል።»

«ሁሉንም ፈታሽው?»

«ሁሉንም ነዋ። ምነው፣ ‹ተባረኪ› አይባልም?» ሳቀች። «ዮናስ እንኳ ጠዋት አንድ ጥንድ ወስዶ መርቆኝ ሄደ። የእሱ ገመድ ተልጦበታል።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ዮናስ የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ያን ቀን አዲሱ ገበያ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሳጥን ፈተው አዲስ ሊያስገቡ እንደሆነ ማታ ነግሮኛል። ስልኩን ሞከርኩ፤ አይጠራም። ደግሜ ሞከርኩ። ምድር ቤት ስልክ የት ይሠራል?

«እማዬ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?» አለች ማርታ።

«ቋጠሮው ምልክት ነበር» አልኳት። «የተቋጠረ ገመድ የሞተ ገመድ ነው። ውስጡ ተበጥሷል። በእሱ የለካ ሰው፣ መብራት እያለ ‹የለም› ይለዋል።»

ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። እኔ ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳላጣፋ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግን የሥራ ዘመኔን ማውራት አለብኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደሉን ማርታ አርማልኛለች፤ ነገሩ የእኔ ነው።

መጀመሪያ ክር ፋብሪካ ነበርኩ። እዚያ ሥራዬ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። ማሽኑ እየዞረ፣ ዓይንሽ ሌላ ቦታ እያየ፣ ጣትሽ የላላውን ክር ያገኘዋል። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ። የልጆቼ አባት ካረፈ ብዙ አልቆየም ነበር። አንዲት ጎረቤቴ «ከዊንጌት ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ጽዳት ይፈልጋሉ» አለችኝና ሄድኩ።

ሁለት ክፍል ቤት ነው። ባለቤቱ አቶ ሰይፉ ይባላሉ። በር ላይ «የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ ጥገና» የሚል ታፔላ አለ። እኔ ሚዛን የሚጠግኑ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚጠግኑት ኤሌክትሪክን የሚለኩ ዕቃዎችን ነው። በእጅ የሚያዘው መልቲሜትር አለ፤ ኤሌክትሪኩን በስክሪን ላይ እንደ ባሕር ማዕበል የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ አለ፤ ሌላም ሌላም። ከኮሌጅ ይመጣል፣ ከጋራዥ ይመጣል፣ የሆስፒታል ዕቃ ከሚጠግኑ ሰዎች ይመጣል።

እንግዲህ መለኪያም ይታመማል። የዘመኑ መለኪያ ደግሞ ራሱን የሚመረምርበት ነገር ተሠርቶለታል። ሲያበሩት መጀመሪያ የራሱን ሆድ ዕቃ ይፈትሻል። ደኅና ከሆነ «ፓስ» ይላል። ካልሆነ «ፌይል» ብሎ አንድ ቁጥር ይጽፋል። ወደኛ የሚመጡት አብዛኞቹ ፌይል ያሉት ናቸው። ከእንግሊዝኛ መጀመሪያ ማንበብ የቻልኩት ቃል እሱ ነው፤ «ማዘር» የሚለውን እንኳ ከእሱ በኋላ ነው ያወቅኩት።

እዚያ ዋናው ባለሙያ ጋሽ መኮንን ነበሩ። ቀጭን ሰው ናቸው፣ ግራጫ ጋዋን ይለብሳሉ፣ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሲበሉ ያወጡታል፤ የተከፈተ ዕቃ ፊት ሲቆሙ ይመልሱታል። እኔ ሽባ መስሎኝ አዘንኩ። አንድ ቀን ወለል እየጠረግኩ ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ግራ እጅዎ ያምዎታል?»

«ደኅና ነው። ደኅና እንዲሆን ነው የማስቀምጠው» አሉኝ። «ኤሌክትሪክ በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብ በኩል ነው። አንዱን በር ከዘጋሽው ማለፊያ ያጣል። አንቺም ጠረጴዛው ጋ ስትመጪ አንድ እጅሽን ጋዋንሽ ውስጥ።»

«እኔ ምን ልሠራ ጠረጴዛው ጋ እመጣለሁ?»

«መጥረጊያሽ ወለል ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀው?»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ጠዋት ጠዋት የዕቃዎቹን ክዳን ይከፍቱልኛል፣ እኔ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አወጣለሁ፣ በስፒሪት የጠቆረውን አጸዳለሁ። ከኮሌጅ የሚመጣ ኦሲሎስኮፕ ውስጥ የጠመኔ ዱቄት አለ፤ ከጋራዥ የሚመጣው ግሪስ አለበት። አንዴ የበረሮ ቤተሰብ ከነአያቱ አግኝቻለሁ። ጋሽ መኮንን «እነዚህም ራሳቸውን ፈትሸው አልፈዋል» አሉ።

አሠራራቸው የቄስ ሥርዓት ነበር፤ አንዱ ከአንዱ አይቀድምም። ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቃሉ። «መጨረሻ ላይ ከምን ጋር ነበር የተያያዘው? ወድቋል? ውሃ ነክቶታል?» ሰው ደግሞ ይዋሻል። «አይ፣ ተቀምጦ ነው የተበላሸው» ይላል። እሳቸው ዝም ብለው ዕቃውን አንስተው ያሸቱታል። የተቃጠለ ካለ አፍንጫቸው ይነግራቸዋል።

ከዚያ የተሰካበትን ገመድ ሁሉ ነቅለው ባዶውን ያደርጉታል። አንድ ቀን አንድ የኮሌጅ ላቦራቶሪ ረዳት ኦሲሎስኮፕ ተሸክሞ፣ በላብ ተጠምቆ ከላይ ሠፈር በእግሩ ወርዶ መጣ። «ፌይል ይላል» አለ። ገመዶቹ እንደተሰኩ ናቸው። ጋሽ መኮንን ገመዶቹን ነቀሉና «እስቲ አሁን ራሱን ይፈትሽ» አሉ። ፓስ አለ። ልጁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«አትፈር፣ እኔም አድርጌዋለሁ» አሉት። «ሐኪም ደረትህን ሲያዳምጥ አንተ ብታወራ ምን ይሰማል? ይሄም ራሱን ሲያዳምጥ ጸጥታ ይፈልጋል። ገመድ ላዩ ላይ ካንጠለጠልክ የውጭውን ጫጫታ ይሰማና የታመመ ይመስለዋል።»

«ስንት ልክፈል?»

«ሻይ ጠጣና ሂድ። ቁልቁለቱን ወርደሃል፣ ዳገቱ ይቀርሃል።»

ከዚያ ደግሞ ማሞቅ አለ። የእኛ ሠፈር ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ቀላል አይደለም፤ ብረት ስትነኪ ጣትሽ ይደነዝዛል። ጋሽ መኮንን ዕቃውን ያበሩና ፀሐይ ፍለጋ ደጃፍ ይወጣሉ። ደንበኛው ይቁነጠነጣል። «ይሙቅ፤ አንተስ ከአልጋህ ተነሥተህ ወዲያው ሒሳብ ትሠራለህ?» ይሉታል። ዕቃው ሳይሞቅ የሚሰጠውን ፌይል አይቀበሉም።

ሲሞቅም የሚያሳየውን ቁጥር ወዲያው አያምኑም። ይህን እንኳ ለመረዳት ዓመት ወስዶብኛል። ቁጥሩ «የዚህ ክፍል ችግር ነው» ይላል። ያንን ክፍል ትቀይሪዋለሽ፣ ያው ፌይል። «አስናቀች» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ቁጥሩ ያለቀሰውን ልጅ ነው የሚነግርሽ። የመታውን አይነግርሽም።» ስለዚህ ከምግቡ ይጀምራሉ፤ ማለቴ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ከመግቢያው ጀምረው እየለኩ ይወርዳሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ መብራት እያበራሁ ተማርኩ። በመጨረሻ የብየዳ ካውያውንም አስያዙኝ። እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ ክር ፋብሪካ የተንቀጠቀጠ እጅ ጣት አይተርፈውም።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ። መለኪያ ራሱን ሲፈትሽ ሆዱን እንጂ ገመዱን አያይም። ጋሽ መኮንን «ልቡን ያያል፣ እጁን አያይም» ይሉ ነበር። ገመዱ ላስቲኩ ደኅና ሆኖ ውስጡ ያለው ሽቦ ሊበጠስ ይችላል፤ መለኪያው ፓስ ብሎ፣ አምሮበት፣ መብራት ያለበት መስመር ላይ ዜሮ ያሳያል። «ዜሮ ሁለት ነገር ነው» ይላሉ፤ «ወይ መብራቱ የለም፣ ወይ መለኪያው የለም። የቱ እንደሆነ ሳታውቂ እጅሽን አትላኪ።» ስለዚህ ከመለካታቸው በፊት መብራት እንዳለበት የሚያውቁት ሶኬት ላይ ይሞክሩታል፤ ከለኩ በኋላም ተመልሰው ይሞክሩታል።

ገመድ መመርመር የእኔ ሥራ ሆነ። ገመዱን በሁለት ጣቴ መሃል እየሳብኩ እሄዳለሁ፤ ሽቦው የተበጠሰበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቴ ውስጥ ልስልስ ይላል፣ ባዶ ነገር ይሆናል። በመለኪያም አረጋግጣለሁ። ሞቶ ካገኘሁት መሃሉን ቋጥሬ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። አንጥለውም፣ ምክንያቱም ጫፉ ላይ ያለው ሹል ብረትና መሰኪያው እንደልብ አይገኝም፤ ለሌላ ገመድ ይሆናል። በእኛ ቤት የተቋጠረ ገመድ ማንም አይፈታም። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ስገባ አገኘሁት፣ ማንም አላስረዳኝም፤ ሁለት ቀን አይቼ ገባኝ። ለዚያ ነው ለልጆቼም መንገር ትዝ ያላለኝ። ማን ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ስለ በሩ ያወራል?

ኋላ አቶ ሰይፉ ሲደክሙ ልጃቸው ኢንጂነር ራሔል ቦታውን ያዘች። እኛ ፈርተናት ነበር። እሷ ግን ኮምፒውተር አምጥታ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፉ እያየች በአማርኛ ታስረዳኝ ጀመር። ጋሽ መኮንን በአፍንጫ፣ እሷ በመጽሐፍ፤ ሁለቱም ደግሞ አይናናቁም። ደመወዜን ጨመረችልኝ። ወረቀቱ ላይ ግን እስከ መጨረሻው የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሷም ረሳችው፣ እኔም አላስታወስኳት።

ያ ክፉ ሥራ የመጣው በእሷ ጊዜ ነው። የአንድ ቴክኒክ ኮሌጅ ትልቅ ኦሲሎስኮፕ ነው፤ ለተማሪዎቹ ያላቸው ደኅና ዕቃ እሱ ብቻ ነበር። ጠዋት ፌይል ይላል፣ ከሰዓት ፓስ ይላል። ጋሽ መኮንን «ብርድ ነው» አሉ። አሞቅነው፤ ያው ነው። ምግቡን ለካን፤ ደኅና ነው። እንግዲህ የምንለካው ከሰዓት ነው፤ ጠዋቱ እሱን በማሞቅ ያልቃል። ቁጥሩ የሚያመለክተውን ክፍል ቀየርን። አልሆነም። አጠገቡ ያለውን ቀየርን። አሁንም ጠዋት ፌይል። ጋሽ መኮንን ምሳ መብላት ተዉ። አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲበየድ ደግሞ ክፍሎቹ የተበየዱበት ሰሌዳ ላይ ያለው ቀጭን መዳብ እንደተቃጠለ ቆዳ ይላጣል። ተላጠ። ጠገንነው፣ ሌላ ቦታ ተላጠ። በመጨረሻ ዕቃው ጭራሽ አልበራ አለ።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ዳቦ ቤት ልቅሶ ነበረባቸውና ዘግተው ሰነበቱ። ራሔል ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሌሎች ዕቃዎች ጠዋት ስትፈትሽ ሁሉም ፓስ። ዳቦ ቤቱ ሲከፈት ግን ከእነሱም አንዱ ጠዋት ፌይል አለ። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። መለኪያ ወስዳ ሶኬቱ ላይ ሰካችና ጠበቀች። ከግድግዳው ወዲያ የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ ማሽን «እርርር» ብሎ ሲነሣ የእኛ ኤሌክትሪክ ቁልቁል ወረደ። ሊጥ የሚቦካው ደግሞ ጠዋት ነው።

ያ ኦሲሎስኮፕ ምንም አልነበረበትም።

ጋሽ መኮንን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሁለቱንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «የታመመው ቤታችን ነው» አሉ። «እኛ እንግዳውን አረድነው።»

ራሔል «ጥፋቱ የሁላችንም ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው። በማግስቱ ጋሽ መኮንን የራሳቸውን ኦሲሎስኮፕ፣ በወጣትነታቸው ገዝተው እንደ ልጅ የሚያቅፉትን፣ በፎጣ ጠቅልለው ኮሌጁ ድረስ ወሰዱት። ምን እንዳሏቸው አልነገሩንም። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ገብተው መጀመሪያ የሚለኩት የግድግዳውን ሶኬት ነው። ለብዙ ጊዜ ብየዳውን ለእኔ ሰጡና እሳቸው መብራት ያዙልኝ።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ነፍሳቸውን ይማር። ሥራውም ቀስ እያለ ጠፋ። ርካሽ መለኪያ መጣ፤ ሲበላሽ ይጥሉታል፣ ሌላ ይገዛሉ። ራሔል ቤቱን ስትዘጋ «ምን ልስጥሽ?» አለችኝ። የገመዱን ካርቶን ጠየቅኳት። ከደኅናውም ከተቋጠረውም አለበት፤ ጫፍ ጫፉን እየነቀልኩ ለዮናስ ገመድ እሠራለታለሁ ብዬ ነው። እሱ ነው አልጋ ሥር የነበረው።

እንግዲህ ከቤት ወጥቼ ዊንጌት ደረስኩ። አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ረዳቱ «አዲሱ ገበያ! ሁለት ሰው!» ይላል። ሁለት ሰው እያለ አራት ሰው ጫነ፤ አሁንም ሁለት ሰው ይላል።

«ሂድ በለው ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር!»

«እማማ፣ ሳይሞላ መኪናው አይነሣም እኮ።»

«ልጄ አደጋ ላይ ነው።»

አየኝ። ምን እንዳየ እንጃ፣ በሩን ደበደበና «ሳበው!» አለ። ሾፌሩ «ሁለት ሰው ይቀራል!» ቢለው «ሳበው አልኩህ!» አለው።

መንገድ ላይ ማርታ ደወለች። ታለቅሳለች። «እማዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ዝም በይ፣ ማንም አልሞተም።»

«ከለካበት? ለክቶበት ሽቦውን ከነካው?»

«ማርቲ፣ አንቺ አላወቅሽም። ስልኩን መሞከር ብቻ አታቁሚ።»

እንዲህ አልኳት እንጂ እኔ ራሴ በዓይነ ኅሊናዬ እጁን እያየሁ ነበር። የዮናስ ቀኝ አውራ ጣት እንደ አባቱ ጠፍጣፋ ነው። እሱን ጣት ብቻ ነው ያየሁት። እመቤቴን ለመንኳት፤ ጸሎቱ ራሱ ጠፋብኝ፤ «ያዢው፣ ያዢው» ብቻ ነው የምለው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ምንም ሳትጠይቅ እጄን ያዘችኝ። ገበያው ጋ ስንቃረብ መንገዱ ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ቆመ። ወረድኩና በእግሬ ሮጥኩ። ጭቃ ነው፣ ሰው ነው፣ የሽንኩርት ጆንያ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እሮጣለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

ሕንፃውን ዮናስ በነገረኝ ምልክት አገኘሁት። በሩ ላይ ዘበኛ አለ።

«እማማ፣ ሄልሜት የሌለው አይገባም።»

«እንግዲያው ስጠኛ!»

«ለእንግዳ የለንም።»

«ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ዮናስን ጥራልኝ!»

«ምድር ቤት ነው ያለው። በሩን ለማን ትቼ ልሂድ?»

አልፌው ገባሁ። «ኧረ እማማ! ኧረ በሕግ!» እያለ ተከተለኝ። ደረጃው ጋ ደረሰብኝና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የራሱን ሄልሜት አውልቆ ጭንቅላቴ ላይ ደፋው። «ብቻ የሆነ ነገር እንዳይወድቅብሽ» አለኝ።

ምድር ቤቱ ጨለማ ነው፤ ከላይ በተዘረጋ ገመድ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። ዮናስ የተከፈተው የኤሌክትሪክ ሳጥን ፊት ቆሟል፤ መለኪያው አንገቱ ላይ፣ ፒንሳ በእጁ። የሥራ አለቃው፣ ፎርማኑ ጀማል፣ ጎንበስ ብሎ አዲሱን ኬብል ከጥቅሉ እየፈታ ነው። ኬብሉ ተጣሞ እምቢ ብሎት ሲታገል ነው የደረስኩት።

«ዮናስ! እጅህን ሰብስብ!»

ድምፄ በግድግዳው ተመልሶ መጣ። ዘወር አለ። «እማዬ? ምን... ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ወደ ኋላ በል። ወደ ኋላ!»

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጀማል ቀና አለ። «እትዬ፣ አይፍሩ። አጥፍተናል፣ ለክተናልም። ዜሮ ነው።»

«በዚህ ገመድ ነው የለካችሁት?»

«አዎ» አለ ዮናስ፤ አፍሯል፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች እያዩት ነው። «መለኪያው ደኅና ነው እማዬ፣ ሲበራ ራሱን ፈትሿል። አሁን ከሰው ፊት...»

«ያ አምፖል በርቷል?»

«በርቷል።»

«ሶኬቱን ለካልኝ።»

አምፖሉ የተሰካበት ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ፣ ኤሌክትሪኩ ከዚህ ሳጥን ሳይሆን ከላይ የሚመጣለት፣ መሬት ላይ ነው። ዮናስ ተንፍሶ ቁጢጥ አለና ሁለቱን ሹል ብረቶች ከአምፖሉ መሰኪያ አጠገብ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ከተተ። መለኪያው ዜሮ አለ። ወደ ላይ አየ፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል። ወደ መለኪያው አየ፤ ዜሮ። እንደገና ከተተ። ዜሮ።

ከዚያ ጀማል «ያ አላህ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁላችሁም ከዚህ ራቁ።» ከቦርሳው የራሱን መለኪያ አወጣ፤ መጀመሪያ ማከፋፈያው ላይ ሞከረው፣ ቁጥር ሰጠው። ወደ ሳጥኑ ሄዶ አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ለካ። እዚያም ቁጥር ሰጠው። ሳጥኑ ሙሉ ኤሌክትሪክ ነበረበት። ለካ ከላይ ያጠፉት አንዱን መስመር ነው፤ ማንም የማያውቀው ሌላ አሮጌ መስመር ከጎን ይገባል።

ጀማል ክፉ ሠራተኛ አይደለም። ዜሮ ያየ ሰው ሁሉ የሚያምነውን ነው ያመነው። ሳጥኑን ዘግቶ፣ በላዩ ላይ ጣውላ አጋድሞ፣ ወደኔ መጣ። «እትዬ፣ ኬብሉ ተጣሞ ባይዘኝ እኔ ራሴ ነበርኩ ሽቦውን የምይዘው» አለ። «እኔም ልጆች አሉኝ።» የጭንቅላቴን ሄልሜት አስተካከለልኝ።

ዮናስ እጄን ይዞ ወደ ላይ አወጣኝ። ሲሚንቶ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ዘበኛው ውሃ አመጣልኝ፤ ጎንጨት አልኩና ቀሪውን ለዮናስ ሰጠሁት።

«በሠራተኛው ሁሉ ፊት ‹እጅህን ሰብስብ›!» አለኝ። «ከእንግዲህ እዚህ ሠፈር ስሜ እሱ ነው፤ ታያለሽ።»

«ይሁን። በስም የሞተ የለም።»

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ውሃውን ሱሪው ላይ አፈሰሰው። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ትከሻው ትከሻዬን ነክቶኛል፣ ሙቀቱ ይሰማኛል።

ስልኬ ጠራ። ማርታ ናት። ትንፋሿን ብቻ ነው የምሰማው።

«ማርቲ» አልኳት፣ «ደርሻለሁ። ምንም አልነካውም። አጠገቤ ተቀምጧል። ወንድምሽ ደኅና ነው፣ እኔም ደኅና ነኝ።»